ሃያ ሦስቱ የሰላምታ ደቂቃዎች

ሸሚዝ ለብሳችሁ ከሆነ እስቲ ዝቅ ብላችሁ ደረታችሁ ላይ ያሉትን ቁልፎች ተመልከቷቸው። ቀዳዳቸው ስንት ነው? ሁለት ወይስ አራት? ይኸው፣ አታውቁትም ነበር። ጠዋት ጠዋት ትቆልፏቸዋላችሁ፣ ማታ ማታ ትፈቷቸዋላችሁ፣ አንድ ቀን ግን ልብ ብላችሁ አይታችኋቸው አታውቁም። አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ አንድ የቁልፍ ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ወር ቆሜ ሥራውን ስመለከት ከርሜ፣ ዋናውን ነገር ያየሁት ካበላሸሁት በኋላ ነው። የማጫውታችሁም ይህንኑ ነው። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ እኔም መሳቅ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ አሥራ አራተኛዋ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ አዲስ አበባ ላይ «የሥራ ዘዴ ማሻሻል» የሚባል የስድስት ወር ኮርስ ጨርሻለሁ። ስጨርስ አንድ የምስክር ወረቀት፣ አንድ ወረቀት መቆንጠጫ ያለው ሰሌዳና አንዲት ሰዓት ተሰጡኝ። ሰዓቷ የሯጮች ዓይነት ናት፤ አናቷን ሲጫኗት ትነሣለች፣ ደግመው ሲጫኗት ትቆማለች። ኮርሱ ያስተማረኝ ባጭሩ ይህ ነው፦ ማንኛውም ሥራ በእንቅስቃሴ ይከፋፈላል፤ እንቅስቃሴው በሰዓት ይለካል፤ የማይጠቅመው ይወገዳል። የማይጠቅመው ከሚጠቅመው እንዴት እንደሚለይ ምናልባት በሰባተኛው ወር ሊያስተምሩን አስበው ይሆናል።

የተላክሁት ወደ አስመራ ነው። ጥራቮሎ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ፣ ያገለገለ ቢስክሌት ገዛሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከእዳጋ ሓሙስ አለፍ ብሎ ወደሚገኘው ፋብሪካ መመላለስ ጀመርኩ። የሚሠራው የልብስ ቁልፍ ነው። ከምን ይሠራል ብትሉ፣ ከቆላ ከሚመጣ ፍሬ። እነሱ ዓርኮብኮባይ ይሉታል፤ የዘንባባ ዘመድ ነው። ቅርፊቱ ሲነሣ ውስጡ ነጭና ጠጣር ፍሬ ይወጣል። ያንን በፀሐይ ያደርቁታል፣ በመጋዝ ይቆርጡታል፣ በቶርኖ እያሽከረከሩ ክብ ያወጡለታል፣ ትራፓኖ በሚሉት መብሻ አራት ቀዳዳ ይበሱታል፣ ቀለም ይነክሩታል፣ በሚዞር በርሜል ያለሰልሱታል። በመጨረሻ ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ደህናውን ከብልሹው ይለቅማሉ። በበረሃ ዛፍ ላይ የነበረ ፍሬ የተማሪ ኮት ላይ የሚሰፋ ቁልፍ ሆኖ ሲወጣ ሳይ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር የምመለከተው። አፌን በከፈትኩበት ብተወው ኖሮ ደግ ነበር።

ከዚያ ፋብሪካ ሰዎች ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ። ባለቤቱ አስመራ ተወልዶ አስመራ ያደገ ጣሊያን ነው፤ ሠራተኛው «ሲኞሩ» ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው። ትራፓኖው ላይ የሚሠሩት ኣያ ተኽለ ናቸው፣ «ኣያ» ጋሼ እንደማለት ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያች ማኪና ፊት የቆሙ ሰው። በመልቀሚያው ጠረጴዛ ራስ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ለተብርሃን ናቸው፤ ሁሉም «ኣደይ» ይሏቸዋል፣ እናቴ እንደማለት ነው። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም። ሁልጊዜ ነጭ ሽርጥ ያደርጋሉ፣ ሽርጡ ላይ ሰፊ ኪስ አለ። ይህችን ኪስ አደራ፣ እንዳትረሷት።

በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ። ሥራው ሲጀመር ልይ ብዬ ሰዓቴን ጨብጬ ቆምኩ። ሥራው አልተጀመረም። የተጀመረው ሰላምታ ነው።

ሰላምታ ስላችሁ እየሄዱ ኮፍያ ማንሣት እንዳይመስላችሁ። ኣያ ተኽለ ከመጋዙ ጀምረው በየማኪናው እየቆሙ እስከ መልቀሚያው ድረስ ወረዱ። ኣደይ ለተብርሃን ከመልቀሚያው ተነሥተው እስከ መጋዙ ወጡ። ባለ ቶርኖው ወዲህ፣ ባለ ቀለሙ ወዲያ። እያንዳንዱ ሰው የእያንዳንዱን ሰው እጅ ጨበጠ። «ከመይ ሓዲርካ? ደሓን ዶ? ቆልዑ ደሓን ድዮም? እታ ማኪናኸ?» ሚስት፣ ልጅ፣ አማት፣ ማኪና፣ ሁሉም በየተራው ተጠየቀ። የመጨረሻው እጅ ሲለቀቅ ሰዓቴን ተጫንኳት። ሃያ ሦስት ደቂቃ!

የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። አስተማሪያችን «ብክነት ተደብቆ ይኖራል፣ ለማግኘት ወራት ይፈጃል» ብሎን ነበር፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን፣ ቁርሴ እንኳ ሳይንሸራሸር አገኘሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሃያ ሦስቱን ደቂቃ በሠራተኛው ቁጥር አባዛሁት፣ ያንን በዓመቱ የሥራ ቀናት አባዛሁት፣ ከዚያ እጄ አልቆም ብሎ በጠቅላላው በአገሪቱ ሕዝብ አባዛሁት። ወረቀቱ ሲያልቅብኝ አገሪቱ ከዓለም ኋላ የቀረችው በሰላምታ ምክንያት እንደሆነ አረጋግጬ ተኛሁ።

በሳምንቱ ማሻሻያዬን በአማርኛ አስተይቤ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሰላምታ ከእንግዲህ በጋራ ይሆናል። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ማኪናው አጠገብ ይቆማል፣ እኔ ሳጥን ላይ ወጥቼ አንድ ጊዜ ሰላም እላለሁ፣ እነሱ አንድ ጊዜ ይመልሳሉ፣ ሥራ ይጀመራል። ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ በየማኪናው ዙሪያ በቢጫ ቀለም ክብ አሰመርኩ። ወረቀቱን ቆሜ አነበብኩላቸው። ኮርሱ ላይ «ሠራተኛ ለውጥ ይቃወማል፣ ተዘጋጁ» ተብለን ስለነበር ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሕራይ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ተቃውሞ ባለመኖሩ ትንሽ ቅር አለኝ። ከአዲስ አበባ ከሚመጡት ወረቀቶች የእኔው የመጀመሪያው እንዳልነበረና ለእንዲህ ያለው ወረቀት የሚባለውን ቃል እኔ ሳልመጣ በፊት እንደለመዱት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ኣደይ ለተብርሃን ብቻ ወደኔ መጡ።

«ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እጅ መጨባበጡም ቀረ?»

«ቀረ፣ ኣደይ።»

«ሐራም ሆነ?»

«ኧረ ሐራም አይደለም። ጊዜ ይፈጃል።»

«ታዲያ እኔ ሥራዬን በምን ልሥራው?»

«እንደተቀመጡ፣ በዓይንዎ» አልኳቸው።

የሽርጣቸውን ኪስ መታ መታ አደረጉና «ሕራይ» ብለው ተመለሱ።

በማግስቱ ሳጥኔ ላይ ወጣሁ። «እንደምን አደራችሁ!» «እግዚአብሔር ይመስገን!» ዘጠኝ ሰከንድ። ባለ ቀለሙ «እርስዎስ?» ብሎ ሁለት ሰከንድ ስለጨመረብኝ ከሥራ በኋላ በጨዋነት አስረዳሁት። በሦስተኛው ቀን ስምንት ሰከንድ ደረስን። አንዳንዶች ከክባቸው ሆነው በቅንድብ ሰላም ሲባባሉ አያለሁ፤ ቅንድብ ጊዜ አይወስድም ብዬ ተውኳቸው። ግድግዳው ላይ በቀይ እርሳስ የምርቱን መስመር አሰመርኩ፤ መስመሩ በየቀኑ ወደ ላይ ይወጣል። ሲኞሩ ቡና ቤት ይዞኝ ሄዶ ማኪያቶ ጋበዘኝ፣ ትከሻዬን እየመታ «ብራቮ» አለኝ። ለአዲስ አበባ አለቆቼ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከአራቱ ገጽ ሦስቱ ስለ ራሴ ነበር።

ይህ ሁሉ አልበቃኝ ብሎ ሱፍ አሰፋሁ። እዳጋ ሓሙስ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ሄጄ ተለካሁና ቁልፉን እኔ አመጣለሁ አልኩት። ከፋብሪካችን ትኩስ ምርት ጥቁር፣ አራት ቀዳዳ፣ የሚያብለጨልጭ ቁልፍ መርጬ ወሰድኩ። ከኮቱ እስከ ሱሪው ያለው ቁልፍ ሁሉ የማሻሻያዬ ውጤት ነው። ሰው የራሱን ሥራ ሲለብስ እንዴት እንደሚራመድ አይታችሁ ከሆነ የዚያን ሰሞን አረማመዴን ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሀል ክረምት ገባ።

በአስመራ እሁድ ወደ ማታ ሲል፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ሰው ሁሉ አምሮበት ዋናው ጎዳና ላይ ይንሸራሸራል። መሄጃ የላቸውም፤ ዝም ብለው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ የሚያውቁትን ሰላም ይላሉ። ዝናቡ ባባራበት በአንዱ እሁድ እኔም ሱፌን ለብሼ ወጣሁ። ከፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ የመንግሥት ሹም ከባለቤታቸውና ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ። እጅ ልነሣ ዝቅ አልኩ። ቋ! የኮቴ የላይኛው ቁልፍ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ወደቀ። ደነገጥኩና ቀና ስል ሁለተኛው ተከተለው። ሹሙ «እንደምን ነህ?» ሲሉኝ ለመመለስ ትንፋሽ ሳብኩ፤ ትንፋሹን መሳብ አልነበረብኝም። የሱሪዬ ቁልፍ ዘሎ መሬት ነካና በሰዉ ጫማ መካከል እየተንከባለለ ጠፋ።

በሁለት እጄ ወገቤን ይዤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ልጆቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁልፌን ለመፈለግ ጎንበስ ማለትም አልደፈርኩም፣ ጎንበስ ብል የሚከተለውን አውቃለሁ። ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ሱሪዬን ከውስጥ ጨብጬ፣ ሐሳብ የያዘው ሰው መስዬ እስከ ጥራቮሎ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝን ሁሉ እጄን ማውጣት ስለማልችል በአገጬ ነው የመለስኩላቸው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ላይ ልጮህ ሄድኩ። ሰውዬው አላቋረጠኝም፤ ጩኸቴን ስጨርስ ኮቴ ላይ በክሩ ተንጠልጥሎ የቀረውን ግማሽ ቁልፍ በብርሃን አየው።

«ክሩ ደሓን ነው» አለኝ። «የተሰነጠቀው ቁልፉ ነው። እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚሠራው የት ነው?»

«አላውቅም» አልኩት።

ፋብሪካ ስደርስ በር ላይ ካርቶን ተከምሯል። የተማሪዎች ደንብ ልብስ የሚያሰፋው ደንበኛችን የላክንለትን ሁሉ መልሶታል። ከቁልፉ ግማሹ ቀዳዳው ከመጥበቡ የተነሣ መርፌ አያሳልፍም፤ ግማሹ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ትምህርት ቤት ሊከፈት የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ሲኞሩ ቢሮው ጠራኝና ማኪያቶ የጋበዘኝ ሰው የማይመስል ፊት አሳየኝ።

«ሰዓት አለህ፣ ወረቀት አለህ፣ ሁሉንም ትለካለህ» አለኝ። «እስከ ቅዳሜ ስም ታመጣልኛለህ። ይህን ያበላሸው ማን ነው? ቀዳዳ ከሆነ ቀዳዳ የሚበሳው ተኽለ ነው። እሱ ካልሆነ የሌላ ሰው ስም ጽፈህ አምጣ። ቅዳሜ አንድ ሰው ይወጣል።»

ወረቀቶቼን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ኣያ ተኽለ ከበፊቱ ይበልጥ ፈጥነዋል። መጋዙ በልኩ ነው። ቶርኖው በልኩ ነው። በርሜሉ በልኩ ነው። በእኔ ወረቀት መሠረት ፋብሪካው ፍጹም ነበር፤ የማይረባው ቁልፉ ብቻ ነው።

ረቡዕ ዕለት ጨንቆኝ ወደ ኣያ ተኽለ ሄድኩ። ወሬው ደርሷቸዋል። ማኪናቸውን በጨርቅ እየወለወሉ፣ ቀና ብለውም አላዩኝ።

«ኣያ ተኽለ፣ ቀዳዳው ለምን ጠበበ?»

«ፍሬው እርጥብ ነበር። ክረምት ነው። እርጥቡን ከበሱት ሲደርቅ ይጠባል። ይሰነጠቃልም።»

«እርጥብ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ኣይፋል። ወደኔ ሲደርስ ላዩ ደርቋል።»

«ባለ መጋዙስ?»

«እወ፣ እሱ ያውቃል። ከመጋዙ የሚወርደውን ዱቄት ያያል።»

«ታዲያ ለምን አልነገረዎትም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና በዓይናቸው ወለሉን አሳዩኝ። «እሱ ክቡ ውስጥ ነው» አሉ። «እኔም ክቡ ውስጥ ነኝ።»

ከዚያ ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስሜን ይጽፉታል?» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ከኔ፣ የስድስት ወር ኮርስ ካለኝ ሰው፣ ምሕረት ሲጠብቅ ማየት እጅግ አሳፈረኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ወደ ኋላ ጥጉ ሄጄ ከባዶ ካርቶኖቹ አጠገብ እንደተቀመጥኩ ኣደይ ለተብርሃን መጡ።

«ወደይ፣ ነገ ጠዋት ያቺን ወረቀት ከግድግዳው አውርዳት» አሉኝ። «አንድ ጠዋት ብቻ። ሰዓትህን ኪስህ ክተትና ተመልከት። አፋቸውን አይደለም፣ እጃቸውን ተመልከት።»

ሐሙስ ጠዋት ሳጥኔ ላይ አልወጣሁም። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ደወሉ ተደወለ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ኣያ ተኽለ ከክባቸው አንድ እግራቸውን አወጡ፣ ሁለተኛውንም አወጡ፣ ወደ መጋዙ ሄዱ።

ቀኝ እጃቸው ባለ መጋዙን ጨበጠ። ግራ እጃቸው የት ነበር መሰላችሁ? የመጋዙ አካል ላይ። ሰላምታውን ከመከልከሌ በፊት በሰዓት ስለካው በከረምኩበት ሳምንት ይህን ግራ እጅ አላየሁትም። «ከመይ ሓዲርካ? ቆልዑኸ? እታ ማኪናኸ?» እያሉ በመዳፋቸው የመጋዙን ንዝረት ያዳምጣሉ። ከሥሩ ካለው ዱቄት ቆንጥረው በጣታቸው ፈተጉት፤ እርጥብ ነው። ባለ መጋዙም «የትናንቱ ፍሬ ገና ነው፣ አልደረቀም» አላቸው። ባለ ቶርኖው ከኋላቸው ደርሶ ያንኑ ሰማ። ሁሉም በሁሉም ማኪና እንዲህ እያደረገ አለፈ፤ ቀኙ ለሰው፣ ግራው ለብረት። ኣያ ተኽለ ትራፓኖአቸው ጋ ሲመለሱ የሁሉንም ማኪና ጤና ያውቁ ነበር። የመብሻውን ጫፍ ፈትተው ወፍራሙን አስገቡ። ባለ ቶርኖውም ቁልፉን ወፈር አድርጎ መተው ጀመረ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድም ቁልፍ ሳይሠራ በፊት ነው።

ገና አላበቃም። ኣደይ ለተብርሃን ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ባለ በርሜሉን ጨበጡት። ሲለቁት የሰውዬው እጅ አልተከፈተም፤ ጨብጦ ወደ ጥግ ዞር አለና ቀስ ብሎ መዳፉን አየ። በመዳፉ ላይ አንድ ቁልፍ አለ፣ ጠርዙ የተፋቀ። ባለ ቀለሙን ጨበጡት፤ እሱም ዞር ብሎ አየ፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ ቁልፍ ነው። ትናንት ካበላሹት ውስጥ ለየአንዳንዱ የራሱን፣ በሰላምታ መሀል፣ ከመዳፍ ወደ መዳፍ። ጥፋቱን ከሳቸውና ካጠፋው ሰው በቀር ያየ የለም። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልተዋረደም፣ ሁሉም ግን ወደ ማኪናው ሲመለስ የሚያስተካክለውን ያውቃል።

ኮርሱ ላይ ስለ ቁጥጥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተሰጥቶን ነበር። ለአንድ ብልሽት በአራት ቅጂ የሚሞላ ቅጽ አለው፤ አራተኛው ቅጂ የሚመለከተው ሰው እጅ ሲደርስ ብልሹው ዕቃ አርጅቷል። እነዚህ ሰዎች ያንን ሁሉ በአንድ መጨባበጥ ጨርሰውታል። አደነቅኳቸው፤ ከዚያ በፊት ሰውን እንደዚያ አድንቄ አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረና በቀለሙ ሽታ አሳበብኩ።

«ይህን ዘዴ ማን አወጣው?» ብዬ ኣደይ ለተብርሃንን ጠየቅኳቸው።

«ምን ዘዴ አለው?» አሉኝ። «ድሮ አንድ ካቦ ነበረን። ብልሹ ቁልፍ ባየ ቁጥር የሠራውን ሰው በሰው ፊት ይሰድባል። ሰዉ ሁሉ ብልሹውን መደበቅ ጀመረ፤ በካልሲው ደብቆ የሚወጣም ነበር። እኔ ደግሞ ለቃሚ ነኝ፣ ካልነገርኳቸው አይታረምም፣ ከነገርኳቸው ይሰደባሉ። እጃቸውን ስጨብጥ አስቀመጥኩላቸው፣ በቃ።»

ቅዳሜ ወደ ሲኞሩ ቢሮ ገባሁ። አንድ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ስም። ሲኞሩ መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣ አወለቀው፣ መልሶ አደረገው።

«ይሄ አንተ ነህ» አለኝ።

«ነኝ።»

«አንተን እኔ አልቀጠርኩህም። እንዴት ነው የማባርርህ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ያየሁትን ሁሉ ከግራ እጁ እስከ ሽርጡ ኪስ ነገርኩት። እየሰማ ፊቱ ቀስ በቀስ ፈታ አለና መሳቢያውን ከፍቶ አንዲት ያረጀች፣ ቀዳዳዎቿ ወደ አንድ ጎን የተጠጉ ቁልፍ አወጣ።

«ወጣት ሆኜ አባቴ ትራፓኖው ላይ አቁሞኝ ነበር» አለ። «ይህችን ኣደይ ለተብርሃን ናቸው የሰጡኝ። የባለቤቱ ልጅ ነህ ብለው አልተዉኝም።»

«ታዲያ ታውቀው ነበር! ሰላምታውን ስከለክል ለምን ዝም አልከኝ?»

ሲኞሩ ትከሻውን ሰበቀ። «ከአዲስ አበባ ወረቀት መጣ። እኔም ሕራይ አልኩ።»

ኣያ ተኽለ ከመባረር ዳኑ። የተመለሰው ቁልፍ እንደ አዲስ ሊሠራ ተወሰነ፤ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት እናደርሰዋለን ብለው ሠራተኞቹ ራሳቸው ቃል ገቡ። አደረሱትም። እኔ እሁድ ጎዳናው ላይ አልታየሁም፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ ቢጫውን ቀለም ስፍቅ ዋልኩ። ወደ አዲስ አበባ በላክሁት ዘገባ ላይ ሃያ ሦስቱን ደቂቃ «ብክነት» ከሚለው ረድፍ አውጥቼ «ቁጥጥር» በሚለው ረድፍ አስገባሁት። አለቆቼ ቁጥጥሩን ስላጠናከርኩ አመስግነው ጻፉልኝ።

ሰኞ ጠዋት ደወሉ ሲደወል እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከማኪናዎቹ ረድፍ መጨረሻ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እንዴት እንደፈራሁ አትጠይቁኝ። ባለ መጋዙ ጨበጠኝ፣ ባለ ቶርኖው ጨበጠኝ። ኣያ ተኽለ ደረሱ። ቀኝ እጃቸው እጄን ያዘ፤ ግራ እጃቸው አንገቴ ላይ የተንጠለጠለችውን ሰዓት አነሣና ወደ ጆሮአቸው አስጠጋት።

«ከመይ ሓዲርካ?»

«ደሓን፣ ኣያ ተኽለ።»

«ሰዓትህ ግን ደሓን አይደለችም» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብለውኛል። «ትቸኩላለች። ስትመጣም ትቸኩል ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አምጣትና ልያት።»

ሦስት ወር ሙሉ የለካሁት ሁሉ በታመመች ሰዓት ነበር ማለት ነው፤ ስለ ጤንነቷም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ መጠየቁን የከለከልኩት እኔው ነኝ። ይህን እያሰብኩ ሳለ ኣደይ ለተብርሃን ፊቴ ቆሙ። ጨበጡኝ። እጃቸው ትንሽና ሻካራ ነው። ሲለቁኝ መዳፌ ውስጥ አንድ ነገር ቀረ።

ደንቡን አውቄዋለሁና ጨብጬ ወደ ጥግ ዞር አልኩ። ቀስ ብዬ መዳፌን ከፈትኩ። ጥቁር፣ አራት ቀዳዳ፣ መሀሉ ላይ ስንጥቅ ያለበት፣ የልብስ ሰፊው ክር ገና ያልወጣለት ቁልፍ። የሱሪዬ ቁልፍ።

ፊቴ በርበሬ መሰለ። ተመልሼ ወደ ጆሮአቸው ጠጋ አልኩ። «የት አገኙት፣ ኣደይ?»

«በዚያች እሁድ ከልጄ ጋር ስንሄድ ነዋ። እየተንከባለለ መጥቶ እግሬ ሥር ቆመ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ኪስዎ ይዘውት ለምን ዝም አሉኝ?»

ኣደይ ለተብርሃን ገርሟቸው አዩኝ።

«ወደይ» አሉኝ፣ «እስከ ዛሬ መቼ ጨበጥከኝ?»